ሲንግል ሞልቶ

ነጋ ፍሰሐን "እርስዎ" ማለት ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆነው። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። እስቲ በሞቴ፣ አብሮ አደግህ፣ በሠርግህ ቀን ሚዜ የቆመልህ ሰው፣ በማለዳ መንገድ ላይ አግኝቶህ ባርኔጣውን አንስቶ "እንደምን አደሩ አቶ ፍሰሐ? ቤተሰብ ደህና?" ብሎህ ሲያልፍ ምን ትሆናለህ? ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሁለቱን የሚያውቅ ሁሉ "ተኳርፈዋል" ይላል። ምን ኩርፊያ አለው! ያኮረፈ ሰው ዝም ይላል፣ ፊቱን ያዞራል፣ አንድ ቀን ሲበርድለት ይመለሳል። ነጋ ግን አንድም ቀን ሰላምታ አስቀርቶ አያውቅም። ፍሰሐን ቁም ስቅሉን ያሳየው ይኸው ትህትናው ነው። እሱ በበኩሉ ነጋን አንድም ቀን እርስዎ ብሎት አያውቅም፤ "አንተ" እያለ ይጠራዋል፣ "አቶ ፍሰሐ" እየተባለ ይመለስለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ነጋ በአንድ ትልቅ ሆቴል ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ መጠጥ ይቀዳ ነበር። ፍሰሐ ደግሞ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ ማማሩን ማን ይክዳል። ቀበሌ ሲቋቋም "ይኼ ጽሑፉ ቆንጆ ነው" ብለው መዝጋቢ አደረጉት። የነጋ እህት ፀሐይቱ አብነት ውስጥ በገዛ ላቧ የሠራቻት ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻት፤ ካርታው ግን በወንድሟ ስም ነበር፤ እሱ ደግሞ የራሱ ቤት አለው። ነጋ ወደ ፍሰሐ መጣና "የሷ መሆኑን አንተው ታውቃለህ፤ ጭቃውን አብረን ነው ያቦካነው። በስሟ ጻፋት" አለው። ፍሰሐ ፈራ። "ነጋ፤ አንድ ትርፍ ቤት" ብሎ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ አሰፈረ። ፀሐይቱ በገዛ ቤቷ የቀበሌ ተከራይ ሆነች። በዓመቱ አንዱን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጡባት። ቁልፏን አስረክባ አገሯ ወልቂጤ ገባች፣ ብዙም ሳትቆይ እዚያው ሞተች። ነጋ ከቀብር ሲመለስ ፍሰሐ ሊያጽናናው ሄደ። "እግዜር ይስጥልኝ አቶ ፍሰሐ፤ ይቀመጡ" አለው። እርስዎ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

በስድሳ ስድስት አብዮት በፈነዳ በአሥረኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ነጋ ጡረታ ወጣ። ቤቱን ለልጁ ትቶ በሐምሌ መጨረሻ ወልቂጤ ሊገባ ነው ተባለ። "ፍልሰታን የምጾመው አገሬ ነው" አለ አሉ።

ፍሰሐ ይኼን የሰማ ቀን ራቱን አልበላም። "ጠጅቱ፣ ሊሄድ ነው" አላት ሚስቱን። "ከሄደማ አለቀ። አቶ ፍሰሐ እንደተባልኩ ልቀበር ነው።"

"ታዲያ ሽማግሌ ላክበት፤ አፍህን ይዘህ ከምትቀመጥ" አለችው።

ላከ። የላካቸውም የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ገብረጊዮርጊስን ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በሽምግልና የተካኑ፣ ሰፈሩን ግማሹን ያስታረቁ ሰው ናቸው። አንዲት ጉድለት ብትኖርባቸው ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ ይህንንም በሕይወታቸው አምነው አያውቁም።

በሦስተኛው ቀን ደስ እያላቸው መጡ። "እሺ ብሏል! ካሳ ምናምን አልፈልግም አለ። ለምላሴ የሚስማማኝን ውስኪ ያምጣልኝ ነው ያለው።"

"ምን ዓይነት ውስኪ?"

"ሲንግል። ሲንግል ሞልቶ ያምጣ አለ።"

ፍሰሐ በዕድሜው ውስኪ ሁለቴ ቢቀምስ ነው። ሲንግልና ደብልን ግን ማን አያውቅም? ሲንግል ማለት አንዲቷ ትንሿ መለኪያ ናት። አንዲት መለኪያ፣ እሷኑ እስከ አፏ ሞልቶ! ጠርሙስ ሙሉ ቢለው እንኳ አያደርገውም ነበር? ልቡ ወከክ አለ። "አዘነልኝ" አለ፣ "ነጋዬ ዛሬም ያዝንልኛል።" እንባው ከዓይኑ ጠብ አለ።

በማግስቱ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ አጥቦ አብነት ሄዶ ወርቄ ቡና ቤት ገባ። "ሲንግል ውስኪ ቅጅልኝ፤ ሞልተሽ" አላት።

"ከየትኛው?" አለች ወርቄ።

"ከደህናው።"

ወርቄ መለኪያዋን ጢም አድርጋ ሞላችና ጠብታ ሳታባክን ወደ ሽሮፕ ጠርሙሱ ገለበጠችለት። ፍሰሐ ጠርሙሱን በደረት ኪሱ ይዞ እንደ ታቦት ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ተራመደ። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ሰው ሲደሰት ጅል ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጋር ነጋ ቤት ገቡ። ነጋ በክብር አስቀመጣቸው። ፍሰሐ ጠርሙሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ነጋ መነጽሩን አድርጎ ጠርሙሱን አየው። የሳል መድኃኒቱ ወረቀት ገና በደንብ አልተላጠም ነበር።

"ይህ ምንድን ነው፣ አቶ ፍሰሐ?"

"ያልከኝ ነዋ። ሲንግል። እስከ አፉ ሞልቶ።"

የነጋ ፊት መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። "እንደ ቀበሌ ዘይት ለክተው አመጡልኝ" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። "ደህና። ደክመዋል። እግዜር ይስጥልኝ።" ከዚያ በኋላ ምሳ አቀረበ፤ ቆሞ አጎረሳቸው፤ ጨዋ ነዋ! ስለ እርቅ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም።

በር ላይ ሲሸኛቸው ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ተቆጡ። "አንተ ሰውዬ፣ ሲንግል ሞልቶ አላልክም?"

"ሲንግል ሞልት ነው ያልኩዎ፣ ጋሼ። የውስኪ ዓይነት ነው። ከዚያም ውስጥ ወፈር ያለ፣ አፍ የሚሞላ አለ፤ እሱን ነው የምወደው። ይህን ደግሞ አቶ ፍሰሐ የሚያገኙት አይመስለኝም።" ባርኔጣውን አነሳ። "ደህና ይዋሉ።"

ሁለቱ መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። "ሞልቶ ነው የሰማሁት" አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። "እኔ ምን ላድርግ? የሱ አንደበት ይያዛል እንጂ!"

ፍሰሐ ቤቱ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጠጅቱ ጓዳ ሆና የበቀለ ገብስ ታሰጣ ነበር፤ ለጠላ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገራት። ሳቋ መጣ፣ ግን የባሏን ፊት አይታ ዋጠችው።

"ሞልት ማለትማ ይኸው ነው" አለችው ገብሱን በእፍኟ አንስታ። "ብቅል ነው። ነጋ እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነግሮኛል። ሲንግል የሚሉት ደግሞ የአንድ ቤት ጥንስስ ከሌላ ቤት ጋን ጋር ሳይደባለቅ ሲቀር ነው አለኝ። የኔን ጠላ እንኳ ቀምሶ 'ዛሬ ብቅሉ ላይ ስንዴ ገብቶበታል' ይለኝ ነበር እኮ! ምላስ የተባለ ለሱ ተሰጥቷል።"

"ይኼን ሁሉ መቼ ነው ያወራችሁት?"

"አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ስለ ፍርድ ቤቱ ስታወራ ነዋ" አለችው።

ፍሰሐን ይኼ ነገር አንጀቱን በላው። ነጋ ሃያ ዓመት ሙሉ ጋብዞታል፤ ምን እንደሚወድ፣ ጨው ስንት፣ ስኳር ስንት፣ ሁሉን ያውቅለታል። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ "አንተስ? ላንተ የሚጥምህ የቱ ነው?" ብሎት አያውቅም። አፈረ። ብቻውን ተቀምጦ ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ።

በነጋታው ሆቴሎቹን ዞረ። አንዱ "እንዲህ ያለ የለንም" አለው፤ ሌላው ሳይሰማው ሳቀበት። በመጨረሻ ወደ ሳኒ ሄደ።

ሳኒን የጌጃ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስልጤ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ ይገዛል፣ አጥቦ ለዘይት፣ ለላምባ፣ ለማር ይሸጣል። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ጠርሙስ ነው። ሶላቱን የማያጓድል ሰው ነው፤ መጠጥ የሚባል በከንፈሩ አልፎ አያውቅም። ግን ሠላሳ ዓመት ባዶ ጠርሙስ እያሸተተ ሲለይ ኖሯል። ላምባ የነካውን ለማር አይሸጥማ! ልደታ ውስጥ ውስኪን በጠረኑ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ጠጪ አይደለም፣ ሳኒ ነው።

"ነጋ?" አለ ሳኒ። "ወላሂ፣ የሆቴሉን ባዶ ጠርሙስ ስንት ዓመት ያመጣልኝ እሱ አይደል! ሌላውን እንዲሁ በጆንያ ይዘረግፈዋል። አንዷን ዓይነት ብቻ ቡሿን ነቅሎ፣ አሽትቶ፣ መልሶ ከድኖ በእጄ ነበር የሚሰጠኝ።"

"የቷን?"

"አረንጓዴ ናት፣ ደረተ ሰፊ። ግን ደረተ ሰፊ አረንጓዴ ሦስት ዓይነት ነበር የሚመጣው። የቷ እንደሆነች ተምታታብኝ፤ ከአብዮቱ ወዲህ መጥታ አታውቅም፣ ዘመኑ ራቀ። ጠርሙሶቹ ግን አሉኝ። አንገታቸው ለላምባ ማጥለያ ስለማይመች ገዢ አላገኙም፤ እንደተከደኑ ጣራ ስር ናቸው።"

ሳኒ መሰላል ወጥቶ ሦስት አቧራ የለበሱ ጠርሙሶች አወረደ። ፍሰሐ የመጀመሪያውን ከፍቶ አፍንጫውን ጠርሙሱ አፍ ላይ ደፈነ።

"ኧረ ቀስ!" አለው ሳኒ። "እንዲያ ከሆነማ ስፒሪቱ ብቻ ነው የሚመታህ። ራቅ አድርገው። አፍህን ትንሽ ክፈት። አሁን ሳበው።" ራሱም ሳበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "አስተግፊሩላህ" አለ። በየጠርሙሱ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ፍሰሐ ያን ቀን ምንም አልለየም። ሁሉም ያው አረቄ ነው የሸተተው። በማግስቱ መጣ። በሳልስቱም መጣ። ቀበሌውን ትቶ ወደ ድሮ ሥራው ተመልሶ ነበርና፣ ከፍርድ ቤት በር ሲነሳ ጎራ ይላል፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይስባል። ሰፈሩ "ፍሰሐ ባዶ ጠርሙስ ማሽተት ጀመረ፤ ምስኪን" ብሎ ማማት ጀመረ። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሁለተኛው ሳምንት አፍንጫው ተከፈተ። አንደኛዋ ጠርሙስ ቀጠን ያለች ናት፤ እርጥብ ሣርና የሎሚ ልጣጭ ትሸታለች። ሁለተኛዋ ጭስ ናት፤ የተቃጠለ ጉቶ፣ ከኋላው ደግሞ የቁስል መድኃኒት የመሰለ ነገር አለባት። ሦስተኛዋ ከብዳ ነው የምትመጣው። ዘቢብ አለባት፣ ቅርንፉድ፣ ማር የተቀባ ትኩስ ዳቦ፣ ከስር ደግሞ ጠጅ የከረመበት በርሜል።

"የቷ ናት የሱ?" አለው ሳኒ።

ፍሰሐ ዓይኑን እንደጨፈነ ነጋን አሰበው። ጓዳ ውስጥ እንጨት ሲጨስ ዓይኑን እያሸ ዘሎ የሚወጣው ነጋ። ኪሱ ዘቢብ የማያጣው፣ ልጅ ባየ ቁጥር የሚያካፍለው። ቀጭን ወጥ ሲቀርብለት "ይኼ ዋና ያስተምራል" የሚለው ነጋ። ለካ ያውቀዋል! ጠይቆት አያውቅም እንጂ ያውቀዋል።

"ይቺ ናት" አለ ሦስተኛዋን ይዞ። እንባው መጣ፤ ሳኒ ያላየ መስሎ ጠርሙስ ማጠቡን ቀጠለ።

ባዶው ተገኘ፤ ሙሉውን ደግሞ ከየት? ከሰፈሩ አሰብ የሚመላለስ ሚደቅሳ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አለ። ፍሰሐ ባዶዋን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። "ቁርጥ ይቺን። ሌላ እንዳታመጣ" አለው። ሚደቅሳ ሄደ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ክረምቱ ገባ፤ የአሰብ መንገድ ተበላሸ ተባለ። ፍሰሐ በየማታው መኪናው የሚቆምበትን ቦታ እያየ ይመለሳል። ነጋ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ሚደቅሳ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ጠርሙሷን ከመቀመጫው ስር አወጣ። ከአንድ መርከበኛ በበርበሬና በበግ ቆዳ ለውጦ ነው ያገኛት። ፍሰሐ ጭቃውን ሳይጠየፍ አቅፎ ሳመው።

እሑድ ቀን ፍሰሐ፣ ጋሽ ገብረጊዮርጊስና ሳኒ ነጋ ቤት ተሰበሰቡ። ዕቃው ታስሮ ጥግ ተደርድሯል። ለሳኒ ለስላሳ ቀረበለት። ፍሰሐ ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

ነጋ አያት። ቡሿን ነቀለ፤ እጁ ሳያስበው ወደ አፍንጫው ወሰዳት፤ እዚያው ላይ ቆመች። ከዚያ ጥቂት ቀዳ። ውሃ አላስጠጋባትም። ጎንጨት አለና አፉ ውስጥ ይዟት ቆየ፣ ቆየ፣ ዋጣት።

"ይቺው ናት" አለ። ድምፁ ሰለለ። "ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ሳኒ ግቢ ባዶ ጠርሙስ ሳሸት ከረምኩ። ጭስ አትወድም። ቀጭን ነገር አትወድም። ዘቢብ ከኪስህ አይጠፋም። በዚያ ነው የደረስኩባት።"

ፍሰሐ ጠበቀ። አሁን "አንተ" ይለኛል፣ አሁን ይለኛል።

"በጣም ደክመዋል፣ አቶ ፍሰሐ" አለ ነጋ። "እግዜር ያክብርልኝ።"

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጊዜ አላጠፉም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። "በሉ፣ ተነሱ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።"

ነጋ ተነሳ። "ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አቶ ፍሰሐ። ይቅር ብዬዎታለሁ" አለና እጁን ዘረጋ።

ፍሰሐ እጁን አየው። ከወንበሩም አልተነሳ። "አልቀበልም" አለ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቀኝ ጆሯቸውን እያስጠጉ። "ይቅርታውን ነው አልቀበልም ያለው? ኧረ በሥላሴ! በዳዩ?"

"አቶ ፍሰሐ የሚባለውን ሰው ይቅር ብትለው ምን ይጠቅመኛል?" አለ ፍሰሐ። "ነጋ፣ ፀሐይቱ ያችን ቤት በእጇ ነው የሠራቻት። ጭቃውን አብሬያችሁ አቡክቻለሁ። የሷ መሆኗን እያወቅኩ ትርፍ ብዬ ጻፍኩ። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። በስሟ ብጽፋት ማንም አይጠይቀኝም ነበር ይሆናል፤ አልሞከርኩትም። 'ጊዜው ነው' እያልኩ ሰባት ዓመት ለራሴ ዋሸሁ። ጊዜው ሳይሆን እኔ ነኝ። ቤቷን እኔ ነኝ የወሰድኩባት።"

ነጋ መለኪያውን አስቀመጠ። ፊቱ ደም መሰለ።

"አንተ ውሻ!" አለ።

ቤቱ ተናወጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፁ ከፍ ብሎ ያልተሰማ ሰው ነው። "አንተ ፈሪ! አንተ ከሃዲ! ከእጇ በልተህ ያደግክ! ቁልፉን ስታስረክብ ፈርመህ የተቀበልካት አንተ አይደለህም? አይደለህም ወይ? ያን ቀን ወደኔ መጥታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ስለ ቤቷ አንዲት ቃል አልተናገረችም! 'ፍሰሐ ዛሬ ፊቱ ገርጥቶ ነበር፣ አሞት ይሆን? ሄደህ እየው' ነው ያለችኝ! ሰማህ? ሄደህ እየው ነው ያለችኝ!"

ፍሰሐ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ።

"እርቁ ፈረሰ!" አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፤ ሊገላግሉ ሲነሱ ሳኒ ጋቢያቸውን ያዘ። "ቁጭ ይበሉ፣ አባባ። ገና አሁን ተጀመረ።"

"ተዉት ጋሼ" አለ ፍሰሐ ከመዳፉ ስር። "ይስደበኝ።"

ነጋ ሰደበው። የሰባት ዓመቱን ሰደበው፤ የልጅነቱን ጨምሮ ሰደበው። ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ተናገረ፤ ከዚያ ፍሰሐ አጠገብ ባለው የታሰረ ዕቃ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እሱም አለቀሰ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

በኋላ ነጋ በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። ለፍሰሐ ቀዳለት። "እንካ" አለው።

ፍሰሐ ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና ሳሉ መጣ፤ ትን አለው፤ ዓይኑ ፈጠጠ።

"አንተ ደንቆሮ፣ እንዲህ ነው የሚጠጣው?" አለ ነጋ ጀርባውን እየመታለት። እንደገና ቀዳ፤ በጣም ጥቂት። "ቀስ ብለህ። አትዋጠው። አፍህ ውስጥ አቆየው።"

ፍሰሐ አፉ ውስጥ አቆየው።